ኮፈኑ ይከፈትልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጽፍላችሁ ከሐረር ነው፣ ሥራዬ መካኒክነት ነው። ስለ ቀጣዩ ትውልድ ትልልቅ የቅንጦት መኪኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ጋራዥ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ሆነን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብነው። ስለ ፍጥነቱ ተጽፏል፣ ስለ ስክሪኑ ተጽፏል፣ ወንበሩ ጀርባ እንደሚያሽ ሳይቀር ተጽፏል። ሲበላሽ ማን ይፈታዋል የሚለው ግን አንድ መስመር እንኳ አላገኘም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ሐረር ተቀምጦ ስለ መርሴዲስ ትልቁ የቅንጦት መኪና፣ ስለ ኤስ ክላስ፣ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖራል። በደንብ ያገባኛል። ላስረዳ።

አባቴ ያሳደገን ፈረስ መጋላ ላይ ፔጆ 404 ታክሲ እየነዳ ነው። ሐረርን የሚያውቅ ሁሉ ፔጆን ያውቃል። ፈረንሳይ ውስጥ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፣ በ1975 እዚያ ቆመ፣ ኬንያ ግን እስከ 1991 ድረስ ሲገጣጠም ቆይቷል። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን አራት ጊዜ ያሸነፈ መኪና ነው፤ አንዴ በ1963፣ ከዚያ ደግሞ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ተከታትሎ። እኛ ጋ ፈብራኪው ሥራውን ካቆመ ከስንትና ስንት ዓመት በኋላም ሰው ሲጭን ኖረ። ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ኮፈኑን ስትከፍተው ሁሉም ነገር ፊትህ ነው። አባቴ ከድሬ ሲመለስ አወዳይ ላይ ሞተሩ ካስቸገረው ወርዶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ነቅሎ፣ በአፉ ነፍቶ አጽድቶ፣ መልሶ ገጥሞ፣ ተሳፋሪው የገዛው ጫት ሳይጠወልግ መንገዱን ይቀጥል ነበር። እኔ መፍቻ ማቀበል የተማርኩት ያኔ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ መኪና ልምጣ። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ጋሼ የምላቸው አንድ ደንበኛ አሉኝ። ለሠርግ የሚያከራዩት ነጭ መርሴዲስ አላቸው፤ በባለሙያው ስም ደብሊው 126 የሚባለው ኤስ ክላስ ነው። ይህ ትውልድ ከ1979 እስከ 1991 ድረስ ተመርቷል፣ ባለ አራት በሩ ብቻ ከ800 ሺህ በላይ ተሠርቷል። መልኩን የነደፈው ቡድን መሪ ጣሊያን የተወለደው ብሩኖ ሳኮ ነበር። ዛሬም ቆሞ ስታየው አያረጅም። ሙሽሮች ጭኖ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ከሾፌሩ ጎን ጋቢና ተቀምጬ ሄጃለሁ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፣ መሀል ላይ ያለው ደንገጎ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። መኪናው ያን ሁሉ ጥምዝምዝ ሲወጣ ከኋላ ያሉት ሙሽሮች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ እሰማቸው ነበር፣ እንደዚያ ነው ጸጥታው። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ከከባድ መኪኖች የሚወጣው የፍሬን ሽታ መንገዱን ሞልቶት ነበር።

ያገባኛል ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ በ1978 ከቦሽ ጋር ተሠርቶ ለሽያጭ የቀረበው በኤስ ክላስ ላይ ነው፣ ከሠርግ መኪናው ቀድሞ በነበረው ትውልድ፣ ደብሊው 116 ላይ። በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሾፌሩን የሚከላከለው ኤርባግ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዚህ በሠርግ መኪናው ትውልድ ላይ መጣ። መኪናው ሲንሸራተት ራሱን የሚያስተካክልበት ኢኤስፒም በ1995 መጀመሪያ የታየው በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ነው። ዛሬ ሦስቱንም ድሬ ውስጥ ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ በሚሄዱ ትንንሽ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ታገኛቸዋለህ። ትልቁ መኪና የለበሰውን ትንሹ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይለብሰዋል። እንግዲህ መርሴዲስ ባለበት ሽቱትጋርት ወይም ቢኤምደብሊው ባለበት ሙኒክ ውስጥ አሁን የሚወሰነው ነገር ነገ የልጄ ታክሲ ላይ ይመጣል ማለት ነው። ጥሩውም መጥፎውም።

ሌላም ምክንያት አለ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አሳውቋል። ቀጣዩ ኤስ ክላስ በነዳጅም በኤሌክትሪክም እንደሚመጣ የኩባንያው ኃላፊዎች ተናግረዋል። እኛ አገር ሊገባ የሚችለው ግን የኤሌክትሪኩ ነው። ቢኤምደብሊው ይህን መንገድ ቀድሞ ጀምሮታል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው 7 ሲሪስ የሚባለው ትልቅ መኪናውና ኤሌክትሪኩ አይ 7 አንድ አካል ነው ያላቸው። መርሴዲስ ግን በ2021 ለኤሌክትሪክ ብቻ ብሎ ኢኪውኤስ የሚባል ሌላ መኪና ሠራ። ነፋስን ለመቅደድ ሲባል ከፊትም ከኋላም እንደ እንቁላል ዞረ። በኔ ዓይን ትልቅ መኪና አይመስልም፣ የሠርግ መኪና ለመሆንም ግርማ ሞገስ ያንሰዋል። ወደ አንድ ስምና ወደ ቀድሞው መልክ ከተመለሱ ደስ ይለኛል።

ከመልኩ በላይ የቆረቆረኝ ግን ኮፈኑ ነው። ኢኪውኤስ ሲወጣ ባለቤቱ ኮፈኑን መክፈት አይችልም ነበር። የመስታወት ማጠቢያ ውኃ የሚሞላው በጎን በኩል ባለች ትንሽ ክዳን ነው። የቀረው የኩባንያው ባለሙያ ጉዳይ ነው ተባለ። ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። አወዳይ ላይ ቢቆም ምን ያደርግ ነበር?

ነገሩ የወረቀት ሥጋት እንዳይመስላችሁ። አምና አንድ ልጅ በብድር የገዛትን የኤሌክትሪክ መኪና ደንገጎ ላይ ቆማበት በጭነት መኪና አስጎትቶ አመጣልኝ። ምርቱ የማን እንደሆነ አልጠራም። ሁለት ቀን ፈልገን ችግሩን አገኘነው፤ ከሥር በኩል ድንጋይ የነካት አንዲት የሽቦ ማያያዣ ናት። በአንድ ሰዓት ተሠራች። መኪናዋ ግን አልነሳም አለች፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሯ ስህተቱን መዝግቦ ቆልፎታል፣ መክፈቻው ኮድ ደግሞ ያለው አስመጪው ጋ አዲስ አበባ ነው፣ እዚያ ሲደወል ከውጭ እስኪላክ ጠብቁ ይባላል። አምስት ወር ጋራዤ ውስጥ ቆመች። ልጁ በየሳምንቱ እየመጣ አቧራዋን ይጠርግ ነበር። ብድሩ አልቆመለትም። ጠግኜ የጨረስኩትን መኪና ማስነሳት ሳልችል ፊቱን ማየት ከበደኝ፣ እውነቴን ነው።

እዚህ ሐረር መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ብትሄዱ ልብስ ሰፊዎቹን ታያላችሁ። ስፌት መኪናቸው ሲበላሽ ራሳቸው ፈተው፣ ዘይት አጠጥተው፣ ገጥመው ይቀጥላሉ። ሰው እንጀራውን የሚበላበትን ዕቃ መክፈት መቻል አለበት።

ኤሌክትሪክን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ደንገጎን ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ፍሬን አይግልም፣ ሽታ የለም። ለዚህ መንገድ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። አሁን ያለው ኤስ ክላስ የኋላ ጎማዎቹ እስከ 10 ዲግሪ ድረስ እንዲዞሩ ተደርጎ ሊገዛ ይችላል፤ ርዝመቱ አምስት ሜትር ያለፈ መኪና ፈረስ መጋላ ላይ ለመዞር እንደዚህ ያለ ነገር ያስፈልገዋል። እነዚህ ወደ ትንሹ መኪና ይውረዱልን።

መሪው ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። ኒዮ የተባለው የቻይና ኩባንያ ኢቲ 9 የሚል ትልቅ መኪና አውጥቷል፤ በመሪውና በጎማው መካከል የብረት ዘንግ የለም፣ ትእዛዙ የሚያልፈው በሽቦ ነው። መጠባበቂያ መስመሮች እንዳሉት አውቃለሁ። አውሮፕላንም እንዲህ ይሠራል። ነገር ግን አውሮፕላን የሚፈተሸው በየጊዜው፣ በሰለጠነ ሰውና በተሟላ መሣሪያ ነው። ይህ መሪ አስር ዓመት አገልግሎ፣ በሦስተኛ ባለቤት እጅ፣ አቧራ ጠጥቶ ደንገጎ ላይ ሲመጣ መፈተሻ መሣሪያው እኔ ጋ መኖር አለበት። ካልሆነ እጄን አላስገባበትም።

ስለ ቁልፎቹም አንድ ነገር ልበል። ሁሉን ስክሪን ላይ ማድረግ እየቀረ ይመስላል፣ ተመስገን። የመኪና ደኅንነት የሚመዝነው ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ እንደ ፍሬቻ፣ ጡሩምባና ዝናብ መጥረጊያ ያሉት በእጅ የሚዳሰስ መቆጣጠሪያ ካልኖራቸው ሙሉ ነጥብ አልሰጥም ብሏል። ደግ አደረገ። በድሬ ሙቀት እጁ ያላበው ሾፌር ስክሪን ሲያሻሽ መንገዱን ማን ያይለታል?

አንድ ተስፋ የሰጠኝ ነገር አለ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ እዚያ ገበያ የሚቀርብ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ዲጂታል ፓስፖርት ይኖረዋል፣ ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ የሚያሳይ። እኛ ያገለገለ መኪና ገዢዎች ነን። ባትሪው ደግሞ ከመኪናው ዋጋ ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ሻጩ ሊብሬውን እንደሚያሳየን ሁሉ የባትሪውንም ወረቀት ቢያሳየን ስንት ሰው ከመክሰር ይድናል።

ስለዚህ ለመኪና ገጻችሁ አዘጋጅ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አዲሱ ትልቅ መኪና ስትጽፉ አስመጪዎቹን ጠይቁልን። ኮፈኑን ባለቤቱ ይከፍተዋል ወይ? የጥገና መጽሐፉና ስህተት ማጥፊያው ኮድ ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ ጋራዥ ይሸጣል ወይ፣ ስንት ነው? ከባትሪው አንዷ ክፍል ብትሞት ያችኑ ብቻ መቀየር ይቻላል ወይስ ሙሉውን ግዙ ልንባል ነው? እኔና ባልደረቦቼ ለመማር ዝግጁ ነን፣ ለመሣሪያውም ተዋጥተን እንከፍላለን።

መልሱን ካገኛችሁ አውጡት። ቆርጠን ጋራዡ ግድግዳ ላይ፣ ከአባቴ ፔጆ ፎቶ ጎን እንለጥፈዋለን።

አክባሪያችሁ
አንድ መካኒክ፣ ከሐረር