ግራው በኩል ያንቺ ነበር

ይድረስ ለረጅሟ አበልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? የአዳማው ሙቀት ጋቢ መልበስ አስረስቶሽ እንደሆነ እንጃ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብረ ብርሃን እንደተውሻት ናት ልልሽ ነበር፤ ግን አይደለችም። ፋብሪካው በዝቷል፣ ከተማው ወደ ሜዳው ተዘርግቷል። ያልተለወጠው ብርዱ ብቻ ነው።

አራት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩልሽም። እናትሽ ሲያርፉም ለቅሶ አልደረስኩም። ይቅር በይኝ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አሁን መጻፍ አልቻልኩም፤ ከታች እሞክራለሁ። ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ካንቺ በቀር ሊመልስልኝ የሚችል ሰው የለውም።

የክርስትና ልጅሽ ቅርጫት ኳስ ጀምራለች። 13 ዓመት ሞላት። ቁመቷ የእኔን አልፏል፤ ግራኝም ናት። በ80 ቀኗ ስታቅፊያት ያጋባሽባት ይመስለኛል።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤቷ የሴት ልጆች ቡድን ሲያቋቁም ስሟን ሰጠች። የስፖርት መምህሩ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ያን ሁሉ ልጅ በሁለት ኳስ እያሠለጠኑ ለአንዲት ልጅ እግር ጊዜ ከየት ያመጣሉ? ስለዚህ እኔ ላስተምርሽ አልኳት። አንቺና እኔ አምስት ዓመት ስንሮጥበት የኖርነው ነገር ስለሆነ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ አመዳዩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ እናትና ልጅ ወደ ሜዳ እንወጣለን። ኳሱን ማታ ማታ ከምድጃው አጠገብ አሳድረዋለሁ። በረንዳ ላይ ካደረ ውስጡ ያለው አየር በብርድ ይኮማተርና ጠዋት ሲሚንቶው ላይ እንደ ሊጥ ዱብ ብሎ ይቀራል። ይህን ለአዳማ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው።

መጀመሪያ ያለ ኳስ አስኬድኳት። ቀኝ፣ ግራ፣ ዝላይ። ቀኝ፣ ግራ፣ ዝላይ። ያን ድምፅ ታስታውሺዋለሽ አይደል? እኛ ስንማር እንደ ቅኔ ተማሪ ስንደግመው ያደርን ነው የሚመስለው። ከዚያ ኳሱን ጨመርኩላት። ለመጨረሻ ጊዜ አንጥራ ስትይዘው የመጀመሪያው እርምጃ ረጅም፣ ሁለተኛው አጭር እንዲሆን ነገርኳት። ረጅሙ ተከላካይዋን ጥሎ ለመሄድ ነው፤ አጭሩ ደግሞ ወደ ፊት የሚሮጠውን ጉልበት ወደ ላይ ለማዞር። ሁለተኛውን እርምጃ የምታስረዝም ልጅ ከቀለበቱ ሥር አልፋ ሄዳ ወደ ኋላዋ ትወረውራለች። ዓይኗን ከቀለበቱ በስተኋላ ባለው ሰሌዳ ላይ ከተሳለው አራት ማዕዘን የላይኛው ጥግ እንዳትነቅል አልኳት። ኳሱንም አትወርውሪው፣ አሳርፊው አልኳት፤ እንጀራ መሶብ ላይ ስታሳርፊ እንደምታለሰልሽው እጅሽን አለስልሺ አልኳት። እንጀራውን ወዲያው ገባት። ኳሱ ግን ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አልገባም።

ቁጭ ብዬ አየኋት። ኳሱን በግራ እጇ ታወጣለች፤ እግሯ ግን እኔ ያስተማርኳት እግር ነው። ቀኝ፣ ግራ ብላ ከግራ እግሯ ትነሣለች፤ ቀኝ ጉልበቷ ይወጣል፣ ግራ እጇ ይዘረጋል፣ ወገቧ መሃል ላይ እንደሚጨመቅ ልብስ ይጠመዘዛል። ግራ ትከሻዋ ወደ ኋላ ስለሚጎተት ኳሱ ሰሌዳው ሥር ደርሶ ይመለሳል። እኔ ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? «በቀኝ እጅሽ ጨርሺ» አልኳት። እሺ ብላ ሞከረች። ከዚያ ኳሱን ታቅፋ መጣችና «እማዬ፣ በቀኝ ስጥለው የሌላ ሰው ኳስ ነው የሚመስለኝ» አለችኝ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። አንቺን ነው ሳስብ ያደርኩት። በቀለም የጠቆረችውን ትንሿን የግራ ጣትሽን አሰብኩ፤ ፊደሉ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ የጻፍሽውን ሁሉ እጅሽ እየጠረገ ይሄድ ነበር። አስተማሪው በማስመሪያ ሲመቱሽ አሰብኩ። የታሪክ ትምህርት በተማርን ቁጥር ክፍሉ በሙሉ «ግራኝ» እያለ ወዳንቺ ሲዞር አሰብኩ። ሜዳ ላይ ደግሞ አሰልጣኙ «በቀኝሽ ጨርሺ፣ በቀኝሽ!» እያሉ ሲጮኹብሽ እኔ አጠገብሽ ቆሜ አንድም ቀን «ተዉዋት» አላልኩም። አንቺ ግን እሳቸው ፊታቸውን ሲያዞሩ በግራው በኩል ትገቢና ታስቆጥሪ ነበር። ተከላካዮቹ ሁሉ ቀኝሽን ዘግተው ይጠብቁሻል፤ አንቺ በሌላው በር ገብተሽ ወጥተሻል። ግራው በኩል ያንቺ፣ ቀኙ የእኔ ነበር። ሁለታችን አንድ ሙሉ ተጫዋች ነበርን ብል ማጋነን አይመስለኝም። እኔ የማውቀው ግማሹን ብቻ መሆኑን ግን ልጄን ማስተማር እስክጀምር ድረስ አላስተዋልኩትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያስተማርኳትን ሁሉ አፍርሼ እንደገና ጀመርኩ። ግራ፣ ቀኝ፣ ከቀኝ እግር ዝላይ። ግራ ጉልበትና ግራ እጅ በአንድ ክር እንደታሰሩ አብረው ይውጡ። ኳሱም ሰሌዳው ላይ በግራው ጥግ በኩል ይረፍ። ከቀለበቱ ሥር አንድ እርምጃ ብቻ ርቀን ጀመርን፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ በእርጋታ እያነጠርን። በሰባተኛው ገባ። ቀለበቱ መረብ የለውም፤ ስለዚህ ምንም ድምፅ አልነበረውም፤ ኳሱ አለፈና ሲሚንቶው ላይ ነጠረ። ልጅቷ ዘወር ብላ አየችኝ። አበልጄ፣ ያንን ፊት ብታዪው! እኔ በጋቢዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግኩ፤ ብርድ ነው አልኳት።

አሁን ጭንቀቴን ልንገርሽ።

ብቻዋን ስትሆን አሁን ከአሥር ስምንቱን ታገባለች። ፊቷ ሰው ሲቆም ግን ትቆማለች። ባለፈው ሰኔ እየሮጠች ከሌላ ልጅ ጋር ተጋጭታ ሲሚንቶው ላይ ወድቃ የግራ እጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር፤ ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስራ ከረመች። አጥንቱ ጠግኗል፣ ሐኪሙም ጨርሷል ብለዋል። ነገር ግን ተከላካይ አልፋ ወደ ቀለበቱ ሰብራ ለመግባት ተነሥታ የተከላካይዋ ትከሻ ሲቀርባት ኳሱን በሁለት እጇ ትይዝና ባለችበት ትቆማለች። ከተያዘ በኋላ ደግሞ እንደገና ማንጠር የለም። ጨዋታው እዚያው ላይ ይሞታል።

ስለ አገባቡ የማውቀውን ሁሉ ሰጥቻታለሁ። የተከላካይዋን ፊት አትዪ፣ እግሯን እዪ አልኳት። አንዱ እግሯ ሁልጊዜ ቀድሞ ይቆማል፤ በዚያ በቀደመው እግር በኩል ሂጂባት፤ ያኔ ዳሌዋን ለማዞር አንድ ሙሉ እርምጃ ይፈጅባታል፣ አንቺ በዚያች ቅጽበት አልፈሻል። ጉልበት ይታጠፍ፣ ትከሻ ከተከላካይዋ ትከሻ ዝቅ ይበል። የመጀመሪያው እርምጃ ከተከላካይዋ እግር ጎን ያልፍ፤ ዙሪያዋን የሚዞር መንገድ ረጅም ነውና ተጠግተሽ እለፊ። ኳሱ በራቀው እጅ ይነጥር፣ ሰውነትሽ በኳሱና በእሷ መካከል ይሁን። ደግሞ የተከልሽው እግር ሳይነሣ ኳሱ ከእጅሽ ይውጣ። ሁሉንም በአፏ ትመልስልኛለች። ከእኔ የበለጠ የምታውቀውም አለ። ኳስ ስትይዝ አንድ እርምጃ ስትጨምር አየሁና «ይሄ መራመድ ነው፣ ዳኛ ይነፋብሻል» አልኳት፤ ለካ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከመስከረም 2010 ዓ.ም. ጀምሮ እየሮጠች ኳስ የምትይዝ ተጫዋች ስትይዘው መሬት ላይ ያለው እግር እንዳይቆጠር፣ ሁለቱ እርምጃዎች ከዚያ በኋላ እንዲቆጠሩ ደንቡን አሻሽሏል። ስንት ጊዜ በዚያ ተነፍቶብን አልቅሰናል! አንድ ጊዜ እንዲያውም አንቺ ዳኛውን... ይቅር፣ ይህን ልጅቷ ልታነበው ትችላለች።

ቀለበቱንም በሜትር ለክቼ አሳየኋት። ፍርሃት ነገርን ስለሚያጠብ። ቀለበቱ ከዳር እስከ ዳር 45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሴቶች ኳስ ደግሞ 23 ገደማ። ቦታው ሰፊ ነው፣ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው አልኳት። በጥሞና አዳመጠችኝና «እማዬ፣ እኔ ቀለበቱን አይደለም የምፈራው» አለችኝ። ምን ልበላት? እኔ በሕይወቴ ወድቄ የተሰበርኩበት ቀን የለም። መውደቅን ከሩቅ ነው የማውቀው።

አንቺ ግን ወድቀሻል። አገጭሽ ላይ ያለውን ጠባሳ ታስታውሺዋለሽ። ደሙ ማሊያሽን አርሶት፣ በየኔታ ነጠላ ጠቅልለን ጤና ጣቢያ ወሰድንሽ። አራት ቦታ ተሰፋሽ። በሳምንቱ ክሩ ሳይወጣ ሜዳ ላይ ነበርሽ፤ በዚያው በግራ በኩል፣ በዚያችው በጣለችሽ ልጅ ላይ ሰብረሽ ገባሽ። እንዴት እንደተመለስሽ ያኔ አልጠየቅኩሽም። ደፋር ናት ብዬ አለፍኩ። አሁን ሳስበው ደፋር ብቻ አልነበርሽ ይሆናል። ፈርተሽ ነበር? ከፈራሽስ ፍርሃቱን የት አደረግሽው? መጀመሪያ በዝግታ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ ነው የገባሽው? ለልጄ የምነግራት ይህ ነው የጠፋኝ። ከእኔ ስትሰማው ምክር ይሆንባታል፤ ካንቺ ብትሰማው ግን ጠባሳው ምስክር ነው።

ከላይ ያቋረጥኩትን ልሞክር።

ለቅሶ ያልመጣሁት መንገድ ተዘግቶ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። መንገዱ እውነትም ተዘግቶ ነበር፤ ግን ለሁለት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን መኪና ነበር። ያን ቀን ልብሴን ለብሼ መናኸሪያ ደርሼ ተመለስኩ። እናትሽን በሞት ላምናቸው አልቻልኩም ብል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ ያን ሰሞን ቤቴ ውስጥ ችግር ነበረብኝ፤ ፊቴን እንድታዪው አልፈለግኩም፤ አይተሽ ዝም እንደማትዪ አውቃለሁና። ከዚያ አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱ አለፈ፤ በቆየሁ ቁጥር መምጣቱ ከበደኝ። የእናትሽን የገብስ ቆሎ በጨርቅ ቋጠሮ እስከ ሜዳ ድረስ ይልኩልን የነበረውን፣ ለእኔ ለብቻው ይቋጥሩልኝ የነበረውን፣ አንድም ቀን አልረሳሁትም። ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ነፍሳቸውን ይማር። ስትመጪ ፊት ለፊት እነግርሻለሁ፤ ወይም አልነግርሽም፣ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።

ትመጫለሽ አይደል? መንገዱ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጠዋት ብትነሺ ለምሳ ትደርሻለሽ። የመንዝ ባና አዘጋጅቼልሻለሁ፣ በብርድ አታማርሪም። ለፋሲካ ከቻልሽ ሁላችሁም ኑ። ካልቻልሽ ግን ቅዳሜ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ደውይ፤ ሜዳ ላይ ነን፤ ስልኩን ለእሷ እሰጣታለሁ፤ እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ እጠብቃለሁ። የክርስትና እናቷ ግራኝ መሆኗን ነግሬያታለሁ። በግራ ስታስቆጥሪ ምን እንደምትመስዪ አሳዪኝ ብላኝ በመስተዋት ፊት ቆሜ በቀኜ እየሠራሁ በመስተዋቱ ውስጥ ያለችውን ሴት እንድታይ አደረግኳት። ያቺ አንቺ ነሽ አልኳት። ስትስቅ ቆየችና «ትንሽ አጥራለች» አለችኝ።

ባለቤትሽን፣ ልጆችሽን ሳሚልኝ።

ያንቺው አበልጅ፣
ከደብረ ብርሃን

ይድረስሽ ብዬ ከዘጋሁት በኋላ፦ ልጅቷ «ከቀኝ እግሯ ስትነሣ ግራ ትከሻዋን ቀድማ ታዞራለች ወይስ ከዘለለች በኋላ?» ብላ እንድጠይቅሽ አዛኛለች። ደግሞ የእግርሽ ቁጥር አሁንም 41 ነው? እሷ 40 ደርሳለች።