ለአባቴ፦ ስለ መብራት ማኅበሩ ምርጫ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለፈው እሑድ በስልክ ምርጫ ልወዳደር መሆኑን ስነግርዎ፣ «ልጄ፣ በሰው አገር ምን አጥተህ ነው ፖለቲካ ውስጥ የምትገባው?» ብለው መጨነቅዎ ከልቤ አልወጣም። ሐሳብ እንዳይገባዎ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

የምወዳደረው ለመንግሥት ሥልጣን አይደለም፤ መብራት ለሚያቀርብልን የኅብረት ሥራ ማኅበር የቦርድ አባልነት ነው። የምንኖረው በኮሎራዶ ምሥራቃዊ ሜዳ፣ ከፎርት ሞርጋን ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቤትና ቤት በሚራራቅበት የገበሬ አገር እንደሆነ ያውቃሉ። በእነርሱ አቆጣጠር በ1930ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ ገበሬዎች መካከል መብራት የነበረው ከአሥር አንዱ ገደማ ብቻ ነበር፤ የግል ኩባንያዎች ለጥቂት ቤት ብለው ረጅም መስመር መዘርጋት አያዋጣንም ይሉ ነበርና። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1935 የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን ካቋቋሙ በኋላ ገበሬዎቹ ራሳቸው ተሰባስበው፣ ከመንግሥት በአነስተኛ ወለድ ተበድረው ምሰሶውን አቆሙ። ዛሬ በመላ አገሪቱ ወደ 900 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ለ42 ሚሊዮን ሕዝብ ገደማ መብራት ያቀርባሉ። ቆጣሪ በስሙ የተመዘገበለት ሁሉ ባለቤት ነው፤ ሰፊ የበቆሎ እርሻ የሚያጠጣውም ሰው፣ በአንዲት ክፍል የሚኖረውም ያላቸው ድምፅ እኩል አንድ ነው። እርስዎ ለዓመታት በጸሐፊነት ያገለገሉት የሰፈራችን ዕድርም የሚተዳደረው በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ ሐሳቡ ለእርስዎ እንግዳ አይሆንም።

እንድወዳደር ያነሣሣኝ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ የሚወሰንበት መንገድ ነው። ማኅበራችን ለየቤቱ ያከፋፍላል እንጂ ኃይሉን በብዛት የሚገዛው ትራይ ስቴት ከተባለ፣ የማኅበራት ማኅበር ከሆነ ትልቅ አመንጪ ነው። አባል ማኅበራት ከእርሱ ጋር የገቡት ውል እስከ 2050 የሚዘልቅ ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን ከሚያስፈልጋቸው ኃይል ራሳቸው እንዲያመነጩ የሚፈቅድላቸው አምስት በመቶውን ብቻ ነበር። ያ ገደብ በቅርብ ዓመታት መላላት ጀምሯል። እንግዲህ የተከፈተውን በር ማን ይግባበት፣ ምን ያህልስ ይግባበት የሚለው ጥያቄ የሚወሰነው በቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስለ ፀሐይና ስለ ነፋስ አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው እንዲኖር እፈልጋለሁ።

ይህ ሕልም አይደለም፣ አባዬ። በኒው ሜክሲኮ ታኦስ የሚገኘው ኪት ካርሰን የተባለ ማኅበር በ2016 የ37 ሚሊዮን ዶላር የመውጫ ክፍያ ተከፍሎለት ከትራይ ስቴት ከተለየ በኋላ፣ በ2022 ፀሐያማ በሆነ ቀን፣ በቀን ብርሃን ሰዓት የሚያስፈልገውን ኃይል ሙሉ በሙሉ ከፀሐይ የሚሸፍንበት ደረጃ ደርሷል። በእኛና በዴንቨር መካከል ያለው ዩናይትድ ፓወር የተባለ ማኅበርም በ2024 ወጥቷል፤ እርሱ ግን የከፈለው ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ እኔ «ነገ እንውጣ» ብዬ አልቀሰቅስም፤ እንዲህ ያለ ዕዳ በአባላት ጫንቃ ላይ መጫን ቀልድ አይደለምና። የምለው ውሉ በሚፈቅደው መጠን እዚሁ መሬታችን ላይ የፀሐይ ጣቢያና ባትሪ እንትከል፣ የቦርዱ ስብሰባና ሒሳብም ለአባላት ሁሉ ግልጽ ይሁን ነው። በ2022 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሕግ ለገጠር የኤሌክትሪክ ማኅበራት 9.7 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ስለነበር፣ የቀደሙት ማኅበራት ምን እንዳገኙበትም አባላቱ እንዲያውቁ እሻለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ገበሬ እርሻቸው ዳር ቆመው አነጋገሩኝ። በበጋ፣ ክብ እየዞረ በቆሎ የሚያጠጣው ረጅም የውኃ ቧንቧ ከጠዋት እስከ ማታ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ይሠራል፤ ማኅበሩም ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍለው ሁሉም ፓምፕና ማቀዝቀዣ አንድ ላይ በሚሠራባቸው በእነዚያ ሰዓታት ነው። ፀሐዩም የሚበረታው በዚያው ወቅት መሆኑን፣ አመሻሹን ደግሞ ባትሪ ሊደግፍ እንደሚችል በወረቀት ጽፌ አሳየኋቸው። ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ያለ ድንጋይ ከሰል የሚኖር አገር አለ እንዴ?» አሉኝ። የእኛ አገር ኃይል ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ እንደሚመነጭ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2017 ጳጉሜን የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ መሠራቱን፣ አባቴም ከጡረታው ቀንሶ ቦንድ እንደገዛ ነገርኳቸው። ይህን ስናገር ኩራቴ ከፊቴ ይነበብ ነበር።

ፈተናው ቀላል አይደለም። በብዙ ማኅበራት ድምፅ የሚሰጠው ከአሥር አባላት አንዱ እንኳ አይሞላም፤ ብዙ ሰው ባለቤት መሆኑንም አያውቅም። በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ ክሬግ በምትባል ከተማ ደግሞ ከከሰል ማዕድንና ከማመንጫው እንጀራ የሚበሉ ቤተሰቦች አሉ፤ የእነርሱን ነገር ሳያነሣ ስለ ንጹሕ ኃይል የሚሰብክ ሰው ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ሽግግሩ ለእነርሱም ሥራና ሥልጠና እንዲያስብ ስናገር አንዳንድ ደጋፊዎቼ አይወዱልኝም፤ እኔ ግን አልተውም።

አንድ ምክር እለምንዎታለሁ። ዕድሩ ድንኳንና ወንበር ለመግዛት ወርኃዊ መዋጮውን ከፍ ባደረገ ጊዜ ያጉረመረሙትን አባላት እንዴት አሳመኗቸው? ባትሪው ሒሳባችንን ያንረዋል ብለው የሚፈሩ ጎረቤቶች በየቀኑ ይጠይቁኛል፤ ቁጥር ብቻ ሰውን እንደማያሳምን አይቻለሁ። የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ ወደየቤቱ የሚላከው በመጪው ወር ስለሆነ፣ መልስዎን በእህቴ ስልክ በድምፅ ቢልኩልኝ ይደርስልኛል። ለእማዬና ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከኮሎራዶ