ያበጠ ልጅ የጠገበ ልጅ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ድርቁና ስለ ሕፃናት የምግብ እጥረት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። አንዱ ፎቶ ላይ ስደርስ ግን ማለፍ አቃተኝ። ከሥሩ «ጉንጯ ሞላ ያለው ይህቺ ሕፃን ከረሃቡ ተርፋለች» ይላል። እግሯን አይታችኋል? ቁርጭምጭሚቷ የት አለ? ያቺ ልጅ አልወፈረችም። አብጣለች።

የእህቴ ልጅም እንዲሁ ነበረች። እህቴ የምትኖረው ዋሂል፣ እዚሁ በድሬዳዋ ገጠር ነው። ዘገባችሁ ድሬን በአንድ መስመር እንኳን አላነሳም። ኧረ አቦ! ድሬ ማለት ከዚራና አስፋልቱ ብቻ ነው እንዴ?

ልጅቷን ይዛ ገንደ ቆሬ እኔ ቤት መጣች። አንድ ጤና ተቋም ወሰድናት። ክንዷን ለኩ፤ ከባድ የምግብ እጥረት ከሚባልበት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆነ። «ደህና ናት፣ እንዲያውም ወፍራም ናት» ብለው መለሱን። እህቴ እኮ ደስ ብሏት ነበር! በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ምግብ እምቢ አለች። ራሷን ስዳብሳት የሳሳው ጸጉሯ እጄ ላይ ቀረ።

ሌላ ቦታ አንዲት ነርስ የሁለቱንም እግሮቿን ጀርባ በአውራ ጣቷ ለሦስት ሰከንድ ያህል ጫን አደረገች። ስትለቀው ሊጥ የተጫነ ይመስል ጎድጉዶ ቀረ። ሁለቱም እግር እንዲህ ካበጠ ክንዱ የፈለገውን ይለካ፣ ከባድ የምግብ እጥረት ነው አለችን። አስተኟት። መጀመሪያ የሰጧትም ፕላምፒነት የሚባለው የለውዝ ቅቤ መሳይ ማገገሚያ ምግብ አይደለም፤ ኤፍ 75 የሚሉትን ወተት ነው፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ፣ ሌሊትም ሳይቀር። እንዲህ የተጎዳን ልጅ ባንዴ ላጥግብህ ቢሉት ልቡ ሊቆም ይችላል።

ከዚያ ክብደቷ ቀነሰ። እህቴ ሞተችብኝ ብላ አለቀሰች። ነርሷ ግን «እሰይ በሉ፣ የወጣው ውሃው ነው» አለች። ያ ድብልብል ፊቷ ሟሽሾ አጥንቷ ሲወጣ ነው መዳን የጀመረችው። ፕላምፒነቱ የመጣው በኋላ፣ አፏ ምግብ ሲቀበል ነው።

ስለዚህ እርማት አውጡ፤ ፎቶው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን። ያንን ጽሑፍ አንብባ «የኔም ልጅ ጉንጯ ሞልቷል» ብላ ቤት የምትቀመጥ እናት አለች።

ዘጋቢያችሁንም አንድ ነገር ጠይቁልኝ። ያቺ ልጅ አሁን የት ናት? እግሯን የጫነላት ሰው አለ?

አንዲት የገንደ ቆሬ ነዋሪ፣ ድሬዳዋ