ጳጳስ የኤጲስ ቆጶስ ማሳጠሪያ አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ «ጳጳስ» ከ«ኤጲስ ቆጶስ» ያጠረ ነው የሚል አነበብኩ። 30 ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬያለሁና እጄ ሳላዘው ቀይ እስክሪብቶ አነሳ። ሁለቱም ከግሪክኛ ይምጡ እንጂ ዘመድ አይደሉም። «ጳጳስ» «አባት» ከሚለው ቃል ነው። «ኤጲስ ቆጶስ» ግን የተገጠመ ነው፤ «ኤፒ» ላይ፣ «ስኮፖስ» ተመልካች፤ ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ ማለት ነው። ያሳሳተው አጻጻፋችን ሳይሆን አይቀርም፤ «ስ» የኋለኛው ቃል መነሻ ሆና ሳለ እኛ ከፊተኛው ጋር ሰፋናት! «ኤጲስ ቆጶስ» የጠባቂነት ሥራን የሚገልጽ ቃል መሆኑን ለማየት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20ንም ተመልከቱ፤ ቁጥር 17 ላይ «ሽማግሌዎች» የተባሉትን የኤፌሶን ሰዎች፣ ግሪክኛው ቁጥር 28 ላይ ኤጲስ ቆጶሳት ይላቸዋል።

እርማቱ ስሕተቱ በወጣበት ገጽ ይውጣልኝ።

ጡረታ የወጣሁ አራሚ