46ቱ እነማን ናቸው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ስለ ጡት ካንሰር ክትባት ያወጣችሁትን ዘገባ አይቼዋለሁ። ባላየውም አይቀርልኝም ነበር። ዋርሳዬ ከዲላ በቴሌግራም ላከችልኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ስልኳን እንደያዘች በሩን ሳታንኳኳ ገባች። «እንኳን ደስ ያለሽ! ተገላገልሽ!» እዚህ ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ የምኖር፣ ጡቴን አስወጥቼ ኬሞ የጨረስኩ መምህርት ነኝ። ስለዚህ ደስታው ሁሉ ወደ እኔ ቤት ነው የሚመጣው።

የዚህ ሁሉ እልልታ ምንጭ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። «ክትባቱን ከጨረሱት ውስጥ በአምስት ዓመት ክትትል ካንሰሩ የተመለሰባት አንዲት ሴት እንኳ የለችም» ብላችኋል። ያውም በደማቁ። ከስንት ሴቶች ውስጥ? እሱን ዘላችሁታል። ቦታ ጠቧችሁ ይሆናል፤ የሮዝ ሪባኑ ፎቶ ግማሽ ገጽ ወስዷላ።

እኔ ልሙላላችሁ። ከ46 ሴቶች ነው።

ክትባቱ ጂፒ2 ይባላል፤ የጡት ካንሰር ሕክምናቸውን የጨረሱ ሴቶች ካንሰሩ እንዳይመለስባቸው ተብሎ የሚሞከር ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ሙከራ 180 ሴቶች ገብተውበታል። ግማሾቹ ገደማ ክትባቱን የሰውነትን መከላከያ ከሚያነቃቃ መድኃኒት ጋር ተወጉ፤ የቀሩት አነቃቂውን ብቻ። ሁሉም ባንድ ላይ ሲቆጠሩ፣ በአምስት ዓመት ካንሰሩ ሳይመለስባቸው የቆዩት ከተከተቡት 88 በመቶ፣ ካልተከተቡት 81 በመቶ ነበሩ። በስታትስቲክስ ሲመዘን ይህ ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። ዜሮው የመጣው ከዚህ ውስጥ ተቆንጥሮ ነው። ዕጢያቸው ላይ ሄር2 የሚባለው ፕሮቲን በብዛት የተገኘባቸው፣ ለሱም ትራስቱዙማብ የሚባለውን ውድ መድኃኒት የወሰዱ፣ የክትባቱንም ዙር ያሟሉ ሴቶች ተለይተው ሲታዩ 46 ሆኑ። ከነሱ አንዷም አልተመለሰባትም። እውነት ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን ያልተከተቡት አምሳያዎቻቸውም ነበሩ፤ 50 ሴቶች። ከነሱም 89.4 በመቶዎቹ በአምስት ዓመት አልተመለሰባቸውም። ይህችን ቁጥር ብትጨምሩ ኖሮ ዋርሳዬ «ተስፋ ያለው ነገር አይቻለሁ» ብላ ትልክልኝ ነበር እንጂ ስለት አታስገባም ነበር።

መምህርት ነኝ ብያለሁ። አንድ ርዕሰ መምህር አስጠኚ ያላቸውንና አንድ ቀን ቀርተው የማያውቁትን 46 ልጆች ለይቶ፣ ሁሉም ማለፋቸውን አይቶ፣ «በአገራችን የሚወድቅ ተማሪ የለም» ብሎ ማስታወቂያ ቢለጥፍ ምን እንለዋለን? እናንተ ጋ ግን ሥራ የሚያጣ አይመስለኝም።

ቀልዱን ልተወው። ይህ ነገር ከዚህ በፊትም ታይቷል። ኒውቫክስ የሚባል፣ እሱም ሄር2ን ያነጣጠረ ክትባት ነበር። በትንሹ ሙከራ ላይ ያምር ነበር። ከዚያ 758 ሴቶችን ይዞ ትልቁ ሙከራ ተጀመረ። በ2016 እ.ኤ.አ. መሃል ላይ ውጤቱ ሲፈተሽ የተከተቡት ካልተከተቡት የሚሻሉበት ምልክት ጠፋ፤ ሙከራውም ቆመ። ጂፒ2 ራሱ አሁን ያለው ፍላሚንጎ-01 በተባለ የሦስተኛ ምዕራፍ፣ ማለትም በትልቁ ሙከራ ላይ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ 11 ጊዜ ይወጋል። የሚሞከረውም አሜሪካና አውሮፓ ባሉ ሆስፒታሎች ነው። «በቅርቡ ወደ አገራችን ይገባል ተብሎ ይጠበቃል» ብላችኋል። ማን ነው የጠበቀው? ይሳካ እንደሆነ ከእናንተ በላይ የምመኘው እኔ ነኝ። ግን ምኞትና ዜና ለየብቻ ይታተሙ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። በዘገባው ያነጋገራችኋቸው ሰዎች ሁሉ የአዲስ አበባ ናቸው። ከቃሊቲ ወዲህ ጡት ያላት ሴት የለችም እንዴ? ብትጠይቁን ኖሮ ያመለጣችሁን ነገር በአንድ ቃል እንነግራችሁ ነበር፤ ምርመራው። አንዲት ሴት ይህ ክትባት ይሆናታል አይሆናትም ለማለት መጀመሪያ ዕጢዋ ለሄር2 መመርመር አለበት። ሄር2 የሚበዛው ከጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነው። እኔ ከነሱ ነኝ? አላውቅም። የማላውቀውም ሳልጠይቅ ቀርቼ አይደለም።

ካንሰር መሆኑ በመርፌ ናሙና ታውቆ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ከዚያ የወጣውን ሥጋ ፎርማሊን ያለበት የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከተው፣ ክዳኑን በፕላስተር ጠምጥመው፣ ስሜን በእስክሪብቶ ጽፈው በእጄ ሰጡኝ። «አዲስ አበባ ወስደሽ አስመርምሪ።» ፋሻዬ ገና አልተፈታም። መናኸሪያ ሄጄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፣ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ረዳቱ አየት አድርጎ «እናት፣ ማር ከሆነ እንዳይፈስ ከኋላ እናድርገው?» አለኝ። ከጎኔ ያለችው ሴት ሽታው ከብዷት ዝዋይ እስክንደርስ መስኮት ስታስከፍት ነበር። እኔም አብሬያት «ምን ይሆን የሚሸተው?» እያልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

አዲስ አበባ ላይ ናሙናውን ተቀበሉኝ። የሄር2ና የሆርሞን ምርመራው ግን «ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አልቋል፣ ቆይተሽ ተመለሺ» ተባለ። ቆይቼ ስመለስ ብሎኩ የለም። ብሎክ ማለት በሰም ተጋግሮ የሚቀመጠው የኔው ሥጋ ነው። መዝገብ ተገለጠ፣ መሳቢያ ተከፈተ፣ አንዱ ወደ ሌላው መራኝ። በመጨረሻ «እግዜር ያውጣሽ» ያለኝ የበሩ ጥበቃ ነው። የቦታውን ስም አልጠራም፤ የአንድ ቤት ችግር ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ሐኪሜ በግምት ታሞክሲፈን ጀመረልኝ፤ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ካንሰሩን እንዳያሳድግ የሚያግድ ኪኒን ነው። ግምቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ታካሚዎች ዕጢ ኢስትሮጅን የሚቀበል መሆኑን አሳይቷል። እንዲህ ላለው ካንሰር ታሞክሲፈን አምስት ዓመት ሲዋጥ፣ በነዚያ ዓመታት የመመለሱን ዕድል ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ይህ የታወቀው ከ20 ሺህ በላይ ሴቶች ከተሳተፉባቸው ሙከራዎች ነው። ከ46 አይደለም። ደማቅ ፊደል ከፈለጋችሁ እዚህ ጋ ተጠቀሙበት። ግን ዜና አይሆንማ፤ አሮጌ ኪኒን ነው፣ ያልባል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል፣ አንዳንዴም ከፋርማሲ ይጠፋል።

አብረን ኬሞ የወሰድን ሴቶች አልፎ አልፎ ቡና እንጠጣለን። እሑድ ዕለት ከመካከላችን አንዷ የእናንተን ዘገባ አውጥታ አነበበችልን። ከዚያ «ክትባቱ ሊመጣ ከሆነ ይህን የሚያቃጥል ኪኒን ምን አስዋጠኝ? እስኪመጣ ልተወው» አለች። እየቀለደች መስሎኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አልዋጠችም። ሦስት ልጆች አሏት። እኔና ሌላዋ ጓደኛችን ተጋግዘን፣ ተቆጥተንም ለምነንም፣ ሐኪሟ ጋ እስክትሄድ ድረስ እንድትቀጥል አሳመንናት። የእናንተን ጋዜጣ የሚያነቡ፣ እኛ ቡና ያላጠጣናቸው ሴቶች ግን ስንት ናቸው?

ክትባቱን ተዉት አልልም። ጻፉ። ስትጽፉ ግን በስንት ሴት፣ በምን ዓይነት ሴት፣ ከማን ጋር ተነጻጽሮ የሚለውን አብራችሁ ጻፉ። ከዚያ አንድ ጋዜጠኛ ወደ ደቡብ ላኩና የሄር2 ምርመራ የት እንደሚሠራ፣ ስንት ብር እንደሚያስከፍል፣ ውጤቱ በስንት ጊዜ እንደሚደርስ፣ ሪኤጀንት ሲያልቅ ማን እንደሚጠየቅ ያጣራ። እኔን ማነጋገር ከፈለገ ስሜንና ስልኬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ፤ ስሜን ግን አታውጡት። ማስተካከያው ጊዜ የሚወስድባችሁ ከሆነ በነገው ዕትም ይህችን ብቻ አስቀድሙ፦ ኪኒኗን የምትወስድ ሴት ሐኪሟን ሳታማክር እንዳታቋርጥ።

አንባቢያችሁ፣
ከሐዋሳ