እማዬን አሳምኚልኝ

ሲስተርዬ፣

ስሜን ስታዪ "ይቺ ሰው አለች እንዴ?" እንደምትዪ አውቃለሁ። አለሁ። ጠፋሁ፣ ይቅርታ፣ ስድቡን ለሌላ ቀን አቆዪልኝ። የሠርጉን ነገር እኔ አላነሳም፤ አንቺም እንዳታነሺብኝ።

የጻፍኩልሽ ስለ እማዬ ነው። አትደንግጪ፣ ደህና ናት። ማለቴ... ደህና እንኳ አይደለችም፣ ግን ቡና ታፈላለች፣ እኔንም ትቆጣለች።

ነገሩ ከጥርስ ጀመረ። ጥርሷን ስትነቀል እንዳያመረቅዝ ተብሎ ክሊንዳማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። ጨርሳ ብዙም ሳትቆይ ተቅማጥ ያዛት። እሷ "ብርድ ነው" ብላ ፌጦ በጠበጠች። መቆም ሲያቅታት ሆስፒታል ወሰድናት፤ ሲ ዲፍ የሚባል የአንጀት ባክቴሪያ ነው አሉን። መቼም አንቺ ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲልን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ቫንኮማይሲን የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ሰጧት፣ ተሻላት፣ ስለት አስገባን። ተመለሰባት። እንደገና ተሻላት፣ እንደገና ተመለሰባት። ለካ ስፖሩን፣ ማለትም እንደ ዘር ተሸፍኖ የተኛውን ባክቴሪያ፣ መድኃኒቱ አይነካውም፣ አንጀቷ ውስጥ አድፍጦ ይጠብቃል፣ ቫንኮማይሲኑም በበኩሉ የተረፉትን ጥሩ ባክቴሪያዎች ይፈጃል። ሐኪሟ ማሳው ባዶ እስከሆነ ድረስ አረሙ ይመለሳል፣ መዝራት ነው ያለብን አለችን። እኔ ደግሞ ቤቱን በበረኪና ስፈትግ እጄ ተላጠ፤ ሳኒታይዘር ስፖሩን አይገድለውም፣ እጅን በሳሙናና በውሃ መታጠብ ነው ያለው። ለነርስ ይሄን ማስተማሬ! ከሰው ጋር ካወራሁ ቆይቻለሁ፣ ቻዪኝ።

አሁን ወደሚያሳፍረው ልምጣ።

እዚህ አሜሪካ በ2023 የተፈቀደ ቫውስት የሚባል እንክብል አለ። በቀን 4፣ ለ3 ቀን፣ በባዶ ሆድ ይዋጣል፣ አለቀ። በጥናቱ እንክብሉን ከወሰዱት መካከል በ8 ሳምንት ውስጥ በሽታው የተመለሰባቸው 12 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ መድኃኒት የሌለበትን ባዶ እንክብል ከወሰዱት ግን 40 ከመቶ ናቸው። ችግሩ የሚሠራው ከምን መሰለሽ? ከጤነኛ ሰዎች ሰገራ። ሰጪዎቹ ተመርምረው፣ በአልኮል ታክሞ ሌላው ተሕዋስ ሞቶ፣ የጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች ስፖር ብቻ ተለይቶ ነው የሚታሸገው። ግን ያው መነሻው እሱ ነው።

እኔ "የጥሩ ባክቴሪያ እንክብል" ብዬ ላልፈው አስቤ ነበር። ውሸትም አይደል። ያ ወንድሜ ግን ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ፣ እየሳቀ፣ ያንን ቃል እንዳለ ጠራው። ማዕድ ቤት ሆና ሰማች። "ዕድሜዬን ሙሉ በእግዚአብሔር ቸርነት የሰው ዓይነ ምድር ሳልቀምስ ኖሬያለሁ፣ አሁንም አልቀምስም" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ለመሆኑ ሰውየው ጾመኛ ነው?" አትለኝም! አሁን ፍልሰታ ነው ብላ እኔ ላይ በሩን ዘጋች። ሳቅሁ፣ ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። በጣም ከስታለች። ነጠላዋን ስታጣፋ የትከሻዋ አጥንት ይታያል።

እውነት ልንገርሽ፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ዘግንኖኛል። ልቤን የመለሰችው ሐኪሟ ናት። ከበሽታ መከላከያ ሴሎቻችን ብዙዎቹ የሚኖሩት አንጀት አካባቢ ነው አለችኝ። እነዚህ ባክቴሪያዎች እኛ መፍጨት ያቃተንን አሰር እየበሉ ቡቲሬት የሚባል ነገር ይሠራሉ፤ የአንጀት ግድግዳ ሴሎች የሚመገቡት እሱን ነው፣ መከላከያ ሴሎቹም ያለ ነገሩ እንዳይቆጡ ያረጋጋቸዋል። ከሁሉ የገረመኝ የሐሞቱ ነገር ነው፦ ጥሩዎቹ ሐሞቱን ሲለውጡት ሲ ዲፍ መራባት ይቸግረዋል፤ እነሱ ሲያልቁ ግን ያልተለወጠው ሐሞት ራሱ ስፖሩን ይቀሰቅሰዋል። የእማዬ ሆድ አሁን እዚያ ላይ ነው።

"እርጎ እጠጣለሁ፣ ይበቃኛል" ልትልሽ ትችላለች። የእርጎው ባክቴሪያ አላፊ እንግዳ ነው፣ አይሰፍርም፤ የእንጀራው እርሾም ምጣድ ላይ ያልቃል። ሽሮውና ምስሩ ከዳነች በኋላ አዲሶቹን ይመግቡላታል፣ የሌለውን ግን አይተክሉም። እኔ ብነግራት "አንቺ ምን ታውቂያለሽ" ነው መልሷ። ያንቺ ግን ሌላ ነው። በአባዬ ጊዜ ከዶክተሮቹ ይልቅ አንቺን እንደነበር የምትሰማው አልረሳሁም፤ ዛሬም "ሲስተር ብትኖር" ትላለች። (እኔ ልጇ እዚሁ ቆሜ!)

ስለዚህ ደውዪላት። አንቲባዮቲኩን እየጨረሰች ነው፤ ካበቃ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ እንክብሉን መጀመር አለባት፣ ስለዚህ እንደ ልማድሽ "ነገ" አትበይ። ቀድሞ ሆድ ለማጽዳት የሚጠጣ ማስቀመጫም አለ፣ እሱን እንዳታነሺ፣ በእኔ ጣይው። ኮሶ ጠጥታ ያደገች ሴት እንክብል ፈርታ ነው በያት፣ እልኳን ንኪው። የጾሙን ነገር ለንስሐ አባቷ ብትነግራቸው ጥሩ ነው፤ እኔ ግን አፌ አልደፍር ብሎ... አንቺው ምከሪያት።

በቴሌግራም ቪዲዮ ይሁን፣ ፊትሽን ትይ። ቅዳሜ ለእናንተ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከደወልሽ እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ ወንድሜ ተኝቷል። እሱ ስልኩን ካነሳብሽ ዝጊበት።

ጉቦሽን ከወዲሁ ልግዛ፦ የጫማ ቁጥርሽ አሁንም 38 ነው?

ያቺው ጠፊዋ