ለአባባ ትንፋሽ ለደረሳችሁለት ሁሉ

የከዚራ ጎረቤቶቼ፣ የድሬ ልጆች፣ በጭንቃችን ቀን ከጎናችን ያልጠፋችሁ ሁሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

አባባ ከኮሮና ተርፎ፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ከገባ ሁለት ወር አለፈው። ይህን መልእክት ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ግን ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር እንባ እየቀደመኝ ዘገየሁ። ይቅር በሉኝ።

ነገሩ የጀመረው መጋቢት 2013 ሊያልቅ ሲል ነው። አባባን አተኮሰው፤ መገጣጠሚያዬን ቆረጠመኝ አለ። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ፣ ያቺ በትንኝ የምትተላለፈው መገጣጠሚያ ቆርጣሚ ትኩሳት፣ ድሬን ቤት ለቤት ስታስተኛ እሱንም አልማረችውም ነበር። "ያቺው ናት፣ ተመልሳ መጣች" ብሎ ፓራሲታሞል ውጦ ተኛ። እኛም አመንነው። የወሰድንበት ክሊኒክ ወባ መረመረውና "ነጻ ነው፣ ይረፍ" ብሎ መለሰን። ስለ ትንፋሹ የጠየቀ አልነበረም። አራት ቀን በዚህ ሄደ።

በአምስተኛው ቀን የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጣች። ከቦርሳዋ የልብስ መቆንጠጫ የምታህል የደም ኦክስጅን መለኪያ አወጣችና የአባባ ጣት ላይ ሰካቻት። አባባ ያን ሰዓት የድሮውን የምድር ባቡር ወሬውን ይዞላት ነበር። የጨነቀው አይመስልም። ቁጥሯ 78 አለች። ልጅቷ ጣት ቀየረች። 79። የጤነኛ ሰው ከ95 በላይ ነው። "አሁኑኑ ሆስፒታል" አለችኝ፤ ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት። ኮሮና ሰውን እያጫወተ ኦክስጅኑን እንደሚያሟጥጥበት ያኔ ገባኝ። እህቴ፣ ያን ቀን "ነገ አየዋለሁ" ብትዪ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ደብዳቤ ነበር። ክፉ አይንካሽ።

ብርሃን በሰውነት ውስጥ አሳልፎ፣ በደም ሥር ትርታ የደምን ኦክስጅን የመለካቱን ዘዴ ያገኘው ታኩዎ አኦያጊ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ። ኮሮና ዓለምን ባስጨነቀችበት በሚያዝያ 2012 አረፈ። እኔ ስሙን በጸሎቴ እጠራዋለሁ።

የዚያን ምሽት ሦስት ባጃጆች የአባባን ሳል ሲሰሙ ጥለውን ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ ቤታቸው ልጆች አሉ። አራተኛው ልጅ ግን ወረደ። የግራና የቀኙን ሸራ ጠቅልሎ አሰረ፣ ነፋስ እንዲገባ። ማስኩ ላይ ሌላ ማስክ ደረበ። "አባባን ደግፈሽ ያዢያቸው፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው" አለኝ። ሒሳብ ስሰጠው "አቦ ተይው! ሲሻላቸው ሻይ ትጋብዙኛላችሁ" አለና ሄደ። ታርጋውን እንኳ አላየሁም። ወንድሜ፣ ይህ ከደረሰህ ሻይህ ይጠብቅሃል። አባባም በየቀኑ ይጠይቀኛል።

የድሬን የሚያዝያ ሙቀት ለድሬ ሰው አላወራም። በዚያ ሙቀት ነርሶቹ ከራስ እስከ እግር ፕላስቲክ ለብሰው ይውላሉ። አንድ ቀን አንዷ ከክፍሉ ወጥታ ጓንቷን ስታወልቅ ላቡ ከውስጡ ተንጠባጥቦ ወለሉን አረጠበው። ጣቶቿ ውሃ ውስጥ ያደሩ ይመስል ነጥተው ተጨማደዋል። እጇን ታጠበች፣ ግድግዳ ተደግፋ ትንሽ ቆመች፣ እንደገና ለብሳ ገባች። አባባን በሆዱ እንዲተኛ የምትለምነው እሷ ነበረች። እሱ "ሕፃን ነኝ እንዴ?" እያለ ያስቸግራታል። በጀርባ ሲተኙ የሚጨፈለቀው የሳንባ ክፍል በሆድ ሲተኙ አየር ያገኛል ብላ አስረዳችኝ። 86 የነበረው ቁጥር 92 ሲገባ ስልክ ደውላ የነገረችኝም እሷ ናት።

በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ክትባት መሰጠት የጀመረው ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013። እነዚህ ልጆች ያን ዓመት ሙሉ ያለ ክትባት ነው እንዲህ ሲገቡና ሲወጡ የከረሙት። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ሌላ ቃል የለኝም።

አንድ ምስጋና ደግሞ አለኝ፤ ለማላውቃቸው ሰዎች። ሐኪሙ አባባ በየቀኑ 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን (የሰውነት ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) እየወሰደ ነው ሲለኝ ደነገጥኩ። ብርቅ መድኃኒት መስሎኝ፣ ገንዘቡን ከየት አመጣለሁ ብዬ። "ርካሽ ነው፣ ከ60 ዓመት በላይ የቆየ ነው" አለኝ። በኋላ አነበብኩ። ኮሮና ስትጀምር ይጥቀም ይጉዳ ማንም እርግጠኛ አልነበረም። እንግሊዝ አገር ሆስፒታል የተኙ ታማሚዎች ለጥናቱ ፈቀዱ። በዕጣ ተለዩ። 2,104ቱ መድኃኒቱን አገኙ፤ 4,321ዱ የተለመደውን ሕክምና ብቻ። ሰኔ 9 ቀን 2012 ውጤቱ ተነገረ። በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ፣ ኦክስጅን ብቻ ከሚሰጣቸው መካከል በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሷል።

ሁሌ የማስበው ዕጣው መድኃኒቱን ያልሰጣቸውን ነው። ከአራቱ አንዱ ገደማ ቤቱ አልተመለሰም። እነሱ ባይኖሩ የሚነጻጸር ነገር ስለማይኖር የድሬው ሐኪም አባቴን በእርግጠኝነት ባላከመው ነበር። ለልጆቻቸው አንድ ቀን ይህ ቢደርስ፦ አባታችሁ ድሬዳዋ ላይ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አትርፏል።

አደራ ግን፣ ይህ መድኃኒት ኦክስጅን ለማያስፈልገው ታማሚ ጥቅም አልታየበትም። ለመከላከያ ብላችሁ ከፋርማሲ እየገዛችሁ አትዋጡ።

ጎረቤቶቼ፣ እናንተንስ ምን ልበላችሁ? ያ ሚያዝያ ሁዳዴና ረመዳን የተገናኙበት ወር ነበር። ሁላችሁም ጿሚ። ለእናንተ ማፍጠሪያ የተሠራው ሾርባ ግን በፔርሙዝ ሆኖ ቀድሞ የሚደርሰው ሆስፒታሉ በር ላይ ነበር። እናቴ ብቻዋን እንዳታድር በረንዳችን ላይ ተራርቃችሁ ተቀምጣችሁ ያመሻችሁትን አልረሳም። እግዜር ይስጥልኝ፤ አላህ ይስጥልኝ። ብድራችሁን በደስታችሁ ቀን ያስመልሰኝ።

አባባ በ17ኛው ቀን ወጣ፣ ፋሲካን እቤቱ ፈሰከ። አሁን ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ከቤት እስከ ባቡር ጣቢያው ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን ኒም ዛፍ ባየ ቁጥር ሥሩ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ የተቀመጠው አንዴ ብቻ ነው።

ለእሱ የገዛናት የጣት መለኪያ እቤት አለች። የቸገረው ሰው በማንኛውም ሰዓት በሩን ያንኳኳ፣ ይውሰዳት። ባትሪዋን ትናንት ቀይሬዋለሁ።

የአባባ ልጅ፣ ከከዚራ